በጋቢ ጫፍ የታሰረው ሊቀመንበር

የወንድሜ ሚስት አስቻለች ያልዳኘችው ፍጡር የለም። ሁለት ዶሮዎች ሲጣሉ መካከል ገብታ "በሕግ አምላክ!" ትላለች። አህያዋ ከገበያ መልስ መንገድ ላይ ተኝታ አልነሣም ካለች ሕግ ትጠራባታለች፤ አህያዪቱም አንዳንዴ ትነሣለች። ገብሱ አውድማ ላይ ተዘርግቶ ደመና የመጣ ዕለት ቀና ብላ ሰማዩን "በሕግ አምላክ ቁም!" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን በደንብ ዘንቧል።

እኔ ሰብሌ እባላለሁ፤ የባሏ የከፋለ ታላቅ እህት ነኝ። ላሊበላ ከተማ ብዙ ዘመን ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ አሁን የስፌት መኪናዬን ይዤ ወደ ተወለድኩበት መንደር ወደ ጥድ አፋፍ ተመልሻለሁ። ከነሱ ቤት የሚለየኝ አጥር ብቻ ነው፤ የአስቻለችን ድምፅ ደግሞ አጥር አይመልሰውም። ስለዚህ የምናገረውን አውቃለሁ፤ ሳላጋንን እናገራለሁ፤ ማጋነኑን ለእሷ ትቼዋለሁ።

ይህ "በሕግ አምላክ" የመጣባት ካሳደጓት አያቷ ነው። አያቷ በሙጃ በኩል የታወቁ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ችሎት የሚያስችሉትም ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ነበር። በዚያ ዘመን ሁለት ሰው የተካሰሰ እንደሆነ የአንዱ ኩታ ጫፍ ከሌላው ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠርና፣ ከሳሽም ተከሳሽም እንደ ተጣመደ በሬ ጎን ለጎን እየሄዱ ከዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛው ብቻ ነው፤ በመንገድ የፈታው ሰው ሳይከራከር ተረታ ማለት ነው። አስቻለች ልጅ ሆና ከጥዱ ሥር ለባለጉዳዮች ውሃ ስታቀርብ ነው ያደገችው፤ ሌላው ሕፃን ተረት ሲሰማ እሷ ሙግት ትሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለወጠ፣ ስንት አዋጅ ታወጀ። እሷ ግን ዓለም እስካሁን በዚያ ጥድ ሥር የምትተዳደር ይመስላታል።

ወንድሜ ከፋለ ደግሞ ሌላ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለሱ የተረቱለት ይመስለኛል። የሠርጉ ዕለት "ትወዳታለህ?" ቢሉት ራሱን ነቀነቀ እንጂ ቃል አልወጣውም። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ሁሉ የሁለቱንም ድርሻ እሷ ስትናገርለት ኖረች፤ እሱም ተስማምቶት ኖረ።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን ተናገረ፤ ነገሩም የተነሣው ከዚያ ነው።

ጥር ነው፤ ጦርነት የሚባለው ነገር ገና ደጃችን ሳይደርስ። የመጨረሻ ልጃቸው እየሩስ በዚያው ሳምንት እሑድ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው የኩልመስክ ልጅ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ይታገሱ ይባላል፤ ስም ይወጣል ከቤት ይቀበላል ጎረቤት የሚሉት ለሱ አልሠራም፤ እናትና አባቱ ያወጡለትን ትዕግሥት ጎረቤቱ አላየለትም። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱ አራስ ሆና በታመመች ጊዜ አስቻለች ራሷ በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች። ብቻ ሥልጣን ሲያገኝ አንገቱ ትንሽ ረዘመበት። መንደራችን ውስጥ አንድ የውሃ ቦኖ ተተክሏል፤ ቁልፉም በሱ እጅ ነው፤ ቦኖው የሚከፈተው የሱ ሚስት ጀሪካኗን ይዛ ስትወጣ ነው። እሷ ከቀዳች በኋላ የደረሰ ይደርሳል፤ ያልደረሰ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ዝም ብለናል።

በስብሰባው ይታገሱ ስለ ልማት ብዙ ተናገረና እንደ ልማዱ "ጥያቄ ያለው አለ?" አለ። ይህ እንኳ ለወጉ ነው፤ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ከፋለ ተነሣ። እኔ ወደ ውጭ ሊወጣ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩለት።

"ሊቀመንበር፣" አለ ረጋ ብሎ፣ "ቦኖው የሚከፈተው ያንተ ሚስት ስትጠማ ብቻ ነው እንዴ?"

ከዚያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ሚሊሻው አዳም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳቀ፣ እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። የይታገሱ ሚስት ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ወንድሜን ያሳሰረው ጥያቄው ሳይሆን ሳቁ ነው። የሳቀው ሁሉ እንዳይታሰር ደግሞ ቀበሌው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ "ስብሰባ በማወክ" ተብሎ ከፋለ ብቻውን የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት።

በማግስቱ አስቻለች ምሳ ቋጥራ ሄደች። ይታገሱ በር ላይ አገኛት።

"እትዬ አስቻለች፣ አያ ከፋለ ይቅርታ ይጠይቁና አሁኑኑ ይውጡ። እኔ ክፉ አልመኝላቸውም።"

በመጋዘኑ መስኮት በኩል የከፋለ ድምፅ መጣ። "ምን አድርጌ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ጠየቅሁ እንጂ አልሰደብኩ።"

ይህ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ንግግሩ ነው። እኔ እንኳ ሰውዬውን ማዳበሪያው ለምልሞ እንዲናገር አደረገው ወይ ብያለሁ።

ሐሙስ ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌው ባዶ እጁን ተመለሰ። ሠርጉ እሑድ ነው። በኛ አገር ሙሽራ ያባቷን ጉልበት ስማ፣ ምርቃቱን ተቀብላ ነው ከቤት የምትወጣው። እየሩስ "አባዬ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም" ብላ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። የሙሽራው ወገን ደግሞ ድንኳን ተክሎ ጠላ ጠምቆ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ አስቻለችን ሊያጽናኑ ብለው፣ "ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ከፋለን ብናግባባው ይሻላል" አሏት።

"ይታገሱ መቼ ነው የነገሠው?" አለች።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

"ለመሆኑ ይሄን እስር ዳኛ አይቶታል?" ብላ ወደኔ ዞረች። "ዳኛ ያላየው እስር እስር አይደለም እትዬ ሰብሌ፤ አፈና ነው። አያቴ እንዲያ ነው የሚሉት።"

"ዳኛማ ላሊበላ ነው ያለው፤" አልኳት፣ "እሱም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። የቀረሽ ነገ ብቻ ነው።"

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ መጠቅለል ጀመረች። አንድ ነገር እንዳሰበች ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

አርብ ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርእዮ ማርያም ነው። መንደሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተገኘ። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ከጥዶቹ ዳር ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ይታገሱም አዲስ የታጠበ ጋቢውን ተከናንቦ ከአባ ተክለ ሚካኤል ጎን ተቀምጧል። አባ የሱም የከፋለም የነፍስ አባት ናቸው። አስቻለች መጣች፤ የአባን መስቀል ተሳለመች፤ ከዚያ ሰላም የምትለው መስላ ወደ ይታገሱ ጎንበስ አለች። ስትነሣ የነጠላዋ ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቋጠሮ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ቋጠሮ በመቀስ ካልሆነ አልነካውም።

"በሕግ አምላክ! ከዳኛ ፊት!" አለች። ጥዱ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ።

ይታገሱ መጀመሪያ ፈገግ አለ። "እትዬ አስቻለች፣ ይሄ እኮ ድሮ ቀርቷል።"

"ዳኛም ቀርቷል?"

"ኧረ ዳኛማ አለ።"

"እንግዲያ እንሂዳ።"

ጎተት አደረገ፤ ቋጠሮው ጠበቀ። አባ ተክለ ሚካኤል ፂማቸውን እያሻሹ፣ "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ ተው ልጄ" አሉት። ዙሪያውን አየ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እጁን ነው የሚመለከቱት። ልማዱ ቢቀርም፣ ቋጠሮ የፈታ ተረታ የሚለውን የማያውቅ ሰው በዚያ ግቢ የለም፤ በታቦቱ ደጃፍ፣ በማርያም ቀን፣ እኔ ተረትቻለሁ ብሎ የሚፈታ ሊቀመንበር ከየት ይመጣል? ጋቢውን ጥሎ እንዳይሄድ ደግሞ ሌላ መከራ ነበረበት። ከሥር የለበሳት ካናቴራ እስከ ብብቱ ተቀዳለች። ደህናው ሸሚዙ እኔ ቤት ነው፤ አዝራር እንድተክልለት ሰጥቶኝ ገና አልደረስኩለትም ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱም ምን ያድርግ፣ ተነሥቶ ሄደ።

ከጥድ አፋፍ ወደ ላሊበላ ግማሽ ቀን የማይሞላ ቁልቁለት ነው። ሁለቱ ተቋጥረው ፊት ፊት፣ እኛ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ከኋላ። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ እሱ በግራ ሲዘል እሷ በቀኝ ዘላ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገቡ። ትንሽ እንደሄድን ስልኩ ጮኸ፤ አለቃው ኖሯል። ይታገሱ ጉሮሮውን ጠረገና "ስብሰባ ላይ ነኝ ጌታዬ" አለ። ሠላሳ ሰው አፉን ይዞ ሳቀ። አስቻለች ግን አልሳቀችም፤ እሷ ወደ ዳኛ እየሄደች ነው። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ከመቀነቷ ቆሎ ፈታችና በእፍኙ ሰጠችው።

"ብላ። ተከሳሽ በረሀብ አይዳኝም።"

"አይ እትዬ..." ብሎ ትንሽ አፈረና በላ። በልጅነቱም ቆሎ የለመደው ከሷ እጅ ነው።

ከተማ ስንገባ ደግሞ አንድ አስጎብኚ ፈረንጆች ይዞ ቆሟል። ፈረንጆቹ በነጭ ልብስ የተቋጠሩትን ሁለቱን ሲያዩ ካሜራቸውን አነሡ። አስጎብኚው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ለሙያው አይመችም፤ "የሠርግ ሥርዓት ነው" ብሎ አስረዳቸው። አንዲቱ ፈረንጅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለይታገሱ የእንኳን ደስ ያለህ ፈገግታ ሰጠችው። የሱን ፊት ማየት ነበር።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው "ተፈታችሁ ግቡ" አለ። አስቻለች "የሚፈታው ዳኛ ነው" አለች። ጥበቃው ራሱን አከከ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ፤ "ግቡ ተብላችኋል" አለ፤ ሲናገር ሳቁን ያፍናል።

ዳኛዋ ሀፊዛ ይባላሉ፤ ከወዲያ ከቆላው ወሎ የመጡ ወጣት ሴት ናቸው። አስቻለች ፂም ያለው ዳኛ ነበር የጠበቀችው፤ አየት አደረገቻቸውና እጅ ነሣች። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከማክሰኞ ጀምራ ዘረገፈችው። ዳኛዋ እስክትጨርስ አዳመጡና ወደ ይታገሱ ዞሩ።

"ፖሊስ ያውቃል? የቀረበ ክስ አለ?"

"የለም ክብርት ዳኛ። እንዲያው... ለማስተማር ያህል ነው።"

"የታሰረው ሰው የት አለ?"

እርስ በርሳችን ተያየን። ሠላሳ ሰው ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዷል፤ አሳሪውን ይዘን መጥተናል፤ የታሰረውን ይዞ የመጣ ግን የለም። በቁራኛ ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ ነው የሚቀርበው፤ ከፋለን ያስታወሰው ማንም የለም።

"እዚያው መጋዘን ነው፤" አለች አስቻለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

"ይደወልና ጠባቂው ይልቀቃቸው።"

ይታገሱ ኪሱን ዳሰሰ። "ቁልፉ... እኔ ጋ ነው።"

ጸሐፊው ፊቱን ወረቀት ውስጥ ቀበረ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም።

"ሊቀመንበር፣ ሰው ማሰር የርስዎ ሥራ አይደለም። ፖሊስ እንኳ የያዘውን ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ሕገ መንግሥቱ ነው የሚለው። ለክፉ ሊቀመንበር ብቻ የተጻፈም አይደለም፤ ለደጉም ነው፤ ደጉም አንዳንድ ቀን ይናደዳል። ሰው ደግሞ በስብሰባ ላይ የመሰለውን መናገር መብቱ ነው።" ወደ ጸሐፊው አየት አድርገው፣ "ቢያስቅም" አሉ።

ይታገሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ግን የተቋጠረ ጋቢውን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"እሺ፣ እሳቸውስ? አስረው እኮ ነው በሰው ፊት የጎተቱኝ። እኔስ መብት የለኝም?"

"አለዎት፤" አሉ ዳኛዋ ከልባቸው። ወደ አስቻለችም ዞሩ። "እማማ፣ እውነታቸውን ነው። ሰውን ቋጥሮ መጎተት ለርስዎም አልተፈቀደም። ይህ ልማድ ከቀረ ቆይቷል፤ ቢከሱዎት ጥፋተኛ ይሆናሉ።"

ባሏን ልታስፈታ መጥታ እሷም ልትታሰር ነው አልኩ፤ እየሩስን ማን ሊድራት ነው አልኩ። ያቺን ለዶሮ እንኳ መልስ የማታጣ ሴት ዕድሜ ልኳን ስትጠራው የኖረችው ሕግ ተሳስተሻል አላት። የነጠላዋን ጫፍ፣ ቋጠሮውን፣ እንደገና ዳኛዋን አየች።

"እመቤቴ፣ ጥፋቴን ተቀብያለሁ፤" አለች ቀስ ብላ። "ብቻ እኔ አላሳደርኩትም። ዛሬ ያዝኩት፣ ዛሬውኑ ከርስዎ ፊት አቀረብኩት።"

ዳኛ ሀፊዛ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ ሳቁ፤ የያዙት ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ መጣባቸው። ይታገሱም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ፤ ቂም አልያዝኩም፣ አልከስም ሲል ዳኛዋ "ይህን ጻፍ" አሉ ለጸሐፊው። ክስ ስለሌለ ከፋለ ዛሬውኑ ይፈታ፣ ፖሊስም አብሮ ሄዶ ያረጋግጥ ተባለ። አስቻለች ሁለተኛ ሰው እንዳትቋጥር ተመከረች፤ "በሕግ አምላክ አልደግመውም" ብላ ማለች። ዳኛዋ ከወንበራቸው ወረዱና ቋጠሮውን በጥፍራቸው ይታገሉት ጀመር፤ በመንገድ ጠብቆ ቶሎ አልፈታ አላቸው። "አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ መጣልኝ" ይላሉ። ሲፈታ አስቻለች ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ጎንበስ ብላ መሬት ሳመች። አያቷን እንዳየች ገብቶኛል። እኔም ያን ጊዜ ኮራሁባት፤ ለሷ ግን አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ድምፅዋ ይጨምራል።

ወደ ላይ የሚወጣ አይሱዙ አግኝተን፣ ፖሊሱንም ይታገሱንም ይዘን ተሳፈርን። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ደረስን። ወሬው ቀድሞን ኖሮ መንደሩ በሙሉ መጋዘኑ ደጅ ቆሟል፤ እየሩስ ከፊት። ይታገሱ ቁልፉን አወጣና ከፈተ። ከፋለ የማዳበሪያ አቧራውን ከልብሱ እያራገፈ ወጣ። እየሩስ ጉልበቱ ላይ ተደፋች፤ እሱም ራሷን ደባበሳት፤ ዓይኑ ረጥቧል። የእሑዱ ምርቃት ለእሑድ ይቆይ ብሎ ነው መሰል፣ ቃል አልተናገረም። አስቻለች ከአጠገቡ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችውና "ከሳህ" አለችው።

ይታገሱ መቆለፊያውን በእጁ እያገላበጠ፣ "አያ ከፋለ፣ ዳኛ ይፈቱ ብለዋል" አለ።

"ደግ ነው፤" አለ ከፋለ። ትንሽ አሰበና ቀና አለ። "ቦኖውስ?"

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ይታገሱን ያያል፤ ሚስቱም ሳትቀር ጀሪካኗን ይዛ ታየዋለች። ይታገሱ መቆለፊያውን አየ፣ ፖሊሱን አየ፣ አጠገቡ የቆመችውን አስቻለችን አየ። የጋቢውን ጫፍ ቀስ ብሎ ሰበሰበና ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

"ነገ በጧት ለሁሉም ይከፈታል፤" አለ።

ሳቁ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከማክሰኞው ይበልጥ ነበር፤ እሱም አብሮን ሳቀ፤ ማንም አልታሰረም።